የኢንሱሊን መልእክትና የሞተር ነርቭ ሕመም፦ ከመድኃኒት፣ ከአመጋገብና ከጾም የትኛው ይመረጣል?

ጡንቻን የሚያዝዙ የነርቭ ሕዋሳት እየሞቱ ሰውነት በሚደክምበት በሞተር ነርቭ ሕመም፣ በተለይም ኤ.ኤል.ኤስ. በሚባለው ዋነኛ ዓይነቱ የተያዘ ሰው ያለበት ቤተሰብ፣ ስለ ስኳርና ስለ ኢንሱሊን መጠየቅ ሲጀምር እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ምክሮች ይደርሱታል። አንዱ እህልና ስኳር ቀርቶ ቅባት ብቻ ይበላ ይላል፤ ሌላው ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር በሽታ እንክብል ነርቭን ይጠብቃል ይላል፤ ሦስተኛው ኢንሱሊን መሰል የዕድገት ሆርሞን ከውጭ አገር እንዲመጣ ይመክራል፤ አራተኛው ደግሞ ረጅም ጾም ሕዋስን ያጸዳል ብሎ ያስረዳል። እነዚህ ምክሮች የሚነሡት ከባዶ አይደለም፤ ኢንሱሊን ለሕዋስ የሚያስተላልፈው መልእክት በዚህ ሕመም መዛባቱን የሚጠቁሙ ማስረጃዎች በእርግጥ አሉ። ስሕተቱ የሚጀምረው መልእክቱ ተዛብቷል ከሚለው ግኝት ተነሥቶ ይህን ዋጡ፣ ያንን ተዉ ወደሚል ትእዛዝ በአንድ እርምጃ ሲዘለል ነው።

ይህ መመሪያ አማራጮቹን የሚያወዳድረው በሦስት ጥያቄዎች ነው። በሰው ላይ ሲሞከር ምን ታየ? የሕመምተኛውን ክብደት ወዴት ይወስዳል? ካልሠራስ የሚያደርሰው ጉዳት ሊመለስ ይችላል? በጸሐፊው ግምት ከሦስቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው።

መልእክቱ ምን ይሠራል?

ኢንሱሊን በ1921 በቶሮንቶ ተለይቶ ከወጣ ወዲህ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው የስኳር በሽታ መድኃኒት ሆኖ ነው። በሕዋስ ደረጃ ሲታይ ግን መልእክተኛ ነው፤ ከቆሽት ወጥቶ በደም ይጓዛል፣ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል፣ ተቀባዩም መልእክቱን ኤ.ኬ.ቲ. እስከሚባለው ኤንዛይም ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላል። ኤ.ኬ.ቲ. በጡንቻና በስብ ሕዋስ የስኳር መግቢያ በሮችን ያስከፍታል፤ ጂ.ኤስ.ኬ.-3 የተባለውን ኤንዛይም ይገታል፤ ኤም.ቶር የተባለውን ደግሞ በማንቃት የፕሮቲን ግንባታ እንዲፋጠን፣ የተበላሹ ፕሮቲኖችን የማጽዳቱ ሥራም ጋብ እንዲል ያደርጋል። ኢንሱሊን መሰል የዕድገት ሆርሞን 1፣ በአጭሩ አይ.ጂ.ኤፍ.-1፣ የሚጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው።

የሞተር ነርቭ ሕዋስ ስኳር ለማስገባት የኢንሱሊንን ፈቃድ ያን ያህል አይጠብቅም። ለእርሱ መልእክቱ ከምግብ ይልቅ የመኖርና የመጠገን ትእዛዝ ነው። ከሕብለ ሰረሰር ተነሥቶ እስከ እግር ጡንቻ ድረስ አንድ ሜትር ያህል የሚዘረጋ ክር ያለው ሕዋስ፣ ያንን ክር በየዕለቱ ለመጠበቅ የማያቋርጥ የግንባታ ሥራ እንደሚያስፈልገው መገመት አያዳግትም። ለዚህም ነው መልእክቱን ማጠንከር ሕመሙን ያዘገያል የሚለው ሐሳብ ለተመራማሪዎች ማራኪ የሆነው።

ነገር ግን ተቃራኒውን የሚያሳዩ ማስረጃዎችም አሉ። በ1993 በጥቃቅን ትሎች ላይ በተሠራ ዝነኛ ሥራ የኢንሱሊንን መልእክት የሚቀበለው ዘረ-መል ሲዳከም የትሎቹ ዕድሜ በእጥፍ ጨመረ። ከሞተር ነርቭ ሕመሞች አንዱ የሆነውና ሕፃናትን የሚያጠቃው የሕብለ ሰረሰር የጡንቻ መመንመን ባለባቸው አይጦችም የአይ.ጂ.ኤፍ.-1 ተቀባይ ሲቀነስ ዕድሜያቸው ረዘመ። በሌላ በኩል ኤ.ኤል.ኤስ.ን በሚያመጣው፣ ሲ9ኦርፍ72 በተባለው ዘረ-መል ጉድለት በተጎዱ ዝንቦች ላይ በ2021 የታተመ ጥናት የኢንሱሊን መልእክት ሲጠነክር ጉዳቱ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ መልእክቱ ይጨመር ወይስ ይቀነስ ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም፤ በየትኛው ሕዋስ፣ በየትኛው የዘረ-መል ጉድለት፣ በስንተኛው የሕመም ወር የሚሉት ሁሉ መልሱን ይለውጡታል። እንክብል ደግሞ ሕዋስ መርጦ አይገባም።

ምክንያት ነው ወይስ ውጤት?

የኤ.ኤል.ኤስ. ሕመምተኞች ሰውነት ስኳርን እንደሚገባው እንደማያስተናግድ የሚያሳዩ ጥናቶች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ታትመዋል። ይሁን እንጂ ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በብዛት የሚውጠው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻው የመነመነና እንቅስቃሴው የቀነሰ ሰው ደግሞ በሌላ ሕመም ቢያዝ እንኳ ይኸው ችግር ይገጥመዋል። በደም ምርመራ የታየው መዛባት ሕመሙን ያመጣው ሳይሆን ሕመሙ ያመጣው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የስኳር በሽታ መዝገቦች ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳስቡታል። በዴንማርክ ከ1982 እስከ 2009 የተመረመሩ ሕመምተኞችን የተከተለና በ2015 የወጣ ጥናት፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በኤ.ኤል.ኤስ. የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው በ40 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። በስዊድን መዝገብም በጎልማሳነት በሚመጣው ዓይነት 2 ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ በወጣትነት ጀምሮ ኢንሱሊን በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ላይ ግን ውጤቱ ተገለበጠ። ከታይዋን የወጣ መረጃም ከዴንማርኩ ጋር አይስማማም። ይህን አንብቦ የደም ስኳርን ከፍ አድርጎ መተው ይጠቅማል ብሎ መደምደም ከባድ ስሕተት ነው። ይልቁንም በዓይነት 2 ስኳር በሽታ ዘመን የሚከማቸው የጉልበት ስንቅ፣ ማለትም ክብደት፣ ከሕመሙ ፊት የሚቆም ጋሻ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ትርጉም ከሌሎች ግኝቶች ጋር የበለጠ ይገጥማል። ከኤ.ኤል.ኤስ. ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ ተኝተው እንኳ ከሚጠበቀው በላይ ጉልበት ያቃጥላሉ፤ ክብደታቸው በፍጥነት የሚቀንስ ሰዎች ዕድሜም በአማካይ ያጥራል። ለክብደት ከሌሎቹ መለኪያዎች የበለጠ ቦታ የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አይ.ጂ.ኤፍ.-1፦ ሦስት ጊዜ የተመዘነው ተስፋ

ከአማራጮቹ ሁሉ በሰው ላይ በጥንቃቄ የተፈተነው ይህ መርፌ ነው፤ ታሪኩም ሌሎቹን ለመመዘን ጥሩ ትምህርት ስለሚሰጥ ሰፋ አድርጎ መመልከት ይገባል። በ1997 በሰሜን አሜሪካ 266 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሙከራ ሲታተም፣ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት ሰዎች የሰውነት ሥራቸው የሚዳከምበት ፍጥነት ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑ ተዘገበ። በዓመቱ በአውሮፓ በ183 ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። አንድ ለአንድ የሆነውን ውጤት ለመፍታት ሦስተኛ ሙከራ አስፈለገ፤ 330 ሰዎችን ለሁለት ዓመት የተከተለው ይኸው ሙከራ በ2008 ሲወጣ መርፌው ከማስመሰያ መድኃኒቱ የተሻለ አለመሆኑ ታወቀ። በመካከሉ፣ በ2003፣ ይኸው ሆርሞን በቫይረስ ተጭኖ ወደ አይጦች ጡንቻ ሲገባና ከዚያ ወደ ነርቭ ሕዋሳቸው ሲደርስ ዕድሜያቸውን በግልጽ አርዝሞ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከቆዳ ሥር የተወጋው ሆርሞን በደም ውስጥ ካሉ አጣማሪ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ወደ ሕብለ ሰረሰር በበቂ ሁኔታ ሳይደርስ በመቅረቱ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሊሆን ይችላል። ዛሬ ለቤተሰብ የሚሸጠው ግን ያው ከቆዳ ሥር የሚወጋው በመሆኑ፣ በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ማስመጣት አይመከርም።

ኢንሱሊንን ራሱን ስኳር በሽታ ለሌለበት ሕመምተኛ መስጠት ከዚህም ይብሳል። ስኳር በድንገት መውረድ ሊገድል የሚችል አደጋ ነው፤ መዋጥ ለተሳነው ሰው ደግሞ ስኳር በአፍ ሰጥቶ ማዳን ያስቸግራል።

ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው የሊትየም ታሪክም እዚህ ላይ መነሣት አለበት፤ ሊትየም የኢንሱሊን መልእክት የሚገታውን ያንኑ ጂ.ኤስ.ኬ.-3 ይገታልና። በ2008 ከጣሊያን በወጣ አነስተኛ ጥናት ሊትየም ከወሰዱት 16 ሰዎች በ15 ወራት ውስጥ አንድም አልሞተም፤ ካልወሰዱት 28 ሰዎች ግን 29 በመቶው ሞቱ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ብዙ ሕመምተኞችም ሙከራ ሳይጠብቁ መዋጥ ጀመሩ። በ2013 በብሪታንያ 214 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ሲጠናቀቅ ጥቅም አልተገኘም። ስለ ማናቸውም አዲስ መድኃኒት በጥቂት ሰዎች ላይ ተአምር ታየ የሚል ዜና ሲመጣ እነዚያን 16 ሰዎች ማስታወስ ይበጃል።

የስኳር መድኃኒቶች ሲነጻጸሩ

ሜትፎርሚን በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝና ርካሽ በመሆኑ ፈተናው ከሌሎቹ ይበልጣል። ሲ9ኦርፍ72 ጉድለት ባለባቸው አይጦች ላይ በ2020 የታተመ ጥናት ሜትፎርሚን መርዛማ ፕሮቲኖችን መቀነሱን አሳይቷል፤ በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ሶድ1 የተባለው፣ ኤ.ኤል.ኤስ.ን የሚያመጣ ሌላ የዘረ-መል ጉድለት ባለባቸው ወንድ አይጦች ላይ ጥቅም አላገኘም፣ በሴቶቹ ላይ ደግሞ ጉዳት አየ። ስለዚህ የዘረ-መል ምርመራ ያልተደረገለት ሰው ሜትፎርሚንን ለነርቭ ብሎ ሲወስድ ዕጣ እንደ ማውጣት ነው። ከዚህ በላይ ሦስት ተግባራዊ ሥጋቶች አሉ። አንደኛ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ስለሚችል በራሱ የነርቭ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመተንፈሻ ጡንቻው ተዳክሞ ኦክስጅን በሚያጥረው ሰው ደም ውስጥ አሲድ እንዲከማች ሊያግዝ ይችላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ኩላሊት የሚመዘንበት ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ ጡንቻው በመነመነ ሰው ላይ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ኩላሊቱ ሳይደህና ደህና መስሎ ይታያል፣ የመድኃኒቱ መጠንም ያለ አግባብ ከፍ ሊል ይችላል።

ፒዮግሊታዞን ሰውነት ለኢንሱሊን መልእክት ያለውን ስሜት የሚያጎለብት በመሆኑ በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም የተሻለ ይመስላል፤ አይጦችንም ጠቅሟል። በጀርመን 219 ሕመምተኞች ከተለመደው የኤ.ኤል.ኤስ. መድኃኒት ከራይሉዞል ጋር ደርበው እንዲወስዱት የተደረገው ሙከራ ግን ጥቅም እንደማይገኝ ስለታወቀ ያለ ጊዜው ቆመ፤ ውጤቱ የታተመው በ2012 ነው። ሰውነት ውኃ እንዲይዝ ስለሚያደርግም ልቡ ለደከመ ሰው አይሆንም።

ለስኳርና ለክብደት የሚወጉት ሴማግሉታይድና መሰሎቹ ዛሬ በየአገሩ ስማቸው ገንኗል። በ2021 በወጣው ትልቅ ሙከራ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎች በ68 ሳምንት 15 በመቶ ያህል ክብደት እንዲቀንሱ አድርገዋል። ለሌላው ሰው ስኬት የሆነው ይህ ቁጥር ለኤ.ኤል.ኤስ. ሕመምተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ሊራግሉታይድ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ሕመሙን አላዘገየም። በአሜሪካም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩና ለክብደት ወይም ለስኳር ሲሉ መርፌውን የጀመሩ ወገኖች፣ በኋላ ኤ.ኤል.ኤስ. ከታወቀባቸው ለነርቭ ሐኪሙ ሳይነግሩ መቀጠል የለባቸውም።

ኤም.ቶርን የሚገታው ራፓማይሲን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ አማራጭ ነው፤ የማጽዳቱን ሥራ ያበረታታል። አንዱን የአይጥ ዓይነት ጠቅሞ ሌላውን ጎድቷል፤ በጣሊያን 63 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2023 የታተመው ሙከራም ዋና ግቡን አልመታም። የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ከሙከራ ማእከል ውጭ የሚሞከር አይደለም።

አስቀድሞ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ምርጫ ከዚህ ይለያል፤ ለእርሱ መድኃኒት ማቆም አማራጭ አይደለምና። ጥያቄው የትኛው መድኃኒት ክብደት ሳይነጥቅ ስኳሩን ይገዛል የሚል ይሆናል። ኢንሱሊን ክብደትን ይጠብቃል፤ ነገር ግን የሚበላው መጠን በየቀኑ ለሚለዋወጥ ሰው ልኩ በየጊዜው መታየት አለበት። በአገራችን የተለመደው ግሊቤንክላማይድም ክብደት አይቀንስም፤ ሆኖም ምሳውን በቅጡ መዋጥ አቅቶት የተወ ሰው እንክብሉን ከወሰደ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ኢምፓግሊፍሎዚንና መሰሎቹ ስኳርን በሽንት እያስወጡ ጉልበት ስለሚያባክኑ ክብደት ይቀንሳሉ። እንዲህ ላለ ሰው የስኳሩን ግብ ጥቂት ላላ ማድረግ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የስኳርና የነርቭ ሐኪሞቹ ተነጋግረው ቢወስኑ ይሻላል።

ቅባት፣ እህል ወይስ ጾም?

ከመድኃኒቶቹ ይልቅ ለቤተሰብ የቀረበው ምርጫ ሳህን ላይ ያለው ነው። በ2014 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ በሆድ በተገባ ቱቦ የሚመገቡ 24 ሕመምተኞችን በሦስት ከፈላቸው፤ አንዱ ቡድን የተለመደውን ልክ፣ ሁለተኛው እህል ነክ የበዛበት ትርፍ ጉልበት፣ ሦስተኛው ቅባት የበዛበት ትርፍ ጉልበት አገኘ። በክትትሉ ጊዜ እህል ነክ በበዛበት ቡድን አንድም ሰው አልሞተም፤ በተለመደው ልክ ከተመገቡት ሦስት ሞቱ፤ ክብደት የመያዝ ዝንባሌ የታየውም በእህል ነኩ ቡድን ነው። አንዱ ማብራሪያ እህል ነክ ምግብ ኢንሱሊን እንዲወጣ ያደርጋል፣ ኢንሱሊን ደግሞ ገንቢ ሆርሞን ነው የሚል ነው። ቁጥሩ ግን ከሊትየሙ ጥናት ያላነሰ ትንሽ መሆኑ አይረሳ።

ትልቁ ሙከራ የመጣው በ2020 ከጀርመን ነው። 201 ሕመምተኞች በመደበኛ ምግባቸው ላይ ወይ ማስመሰያ ወይ በቀን 405 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ንጹሕ ቅባት ተጨመረላቸው። በጠቅላላው የዕድሜ ልዩነት አልታየም፤ ሕመማቸው በፍጥነት በሚሄድባቸው ሰዎች ላይ ግን በኋላ በተደረገ ትንተና ጥቅም ያለ መሰለ። 405 ኪሎ ካሎሪ ከ45 ግራም ቅባት ጋር እኩል ነው፤ በእኛ ወጥ ቤት ሲሰላ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል የተነጠረ ቅቤ ወይም ዘይት ማለት ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይመረጥ? ጸሐፊው ሁለቱን በመለየት ብዙ ጊዜ ማጥፋት አስፈላጊ አይመስለውም፤ ሕመምተኛው በቀላሉ የሚውጠውና ሳይሰለቸው በብዛት የሚወስደው የተሻለው ነው። ቅቤ ጠብ ያለበት የአጃ አጥሚት ሁለቱንም ያገናኛል፣ ወፈር ብሎ ስለሚቀርብም እንደ ውኃ ወደ አየር ቧንቧ የመግባት ዕድሉ ያነሰ ነው። ገንፎም እንዲሁ ለስልሶ ይቀርባል። በአንጻሩ በሶ በደረቁ ሲሆን ስለሚበተን ለመዋጥ ለተቸገረ ሰው አይመችም። እህልን ጨርሶ የሚከለክለው የኪቶ አመጋገብ በአይጥ ላይ መጠነኛ ጥቅም አሳይቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋና ምርጫን ስለሚያጠብ ክብደቱ እየወረደ ላለ ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ጾምን ሕዋስ ያጸዳል በሚል ምክንያት መጨመር ግን በግልጽ መተው ያለበት ነው። የምግብ ቅነሳ ሶድ1 ጉድለት ባለባቸው አይጦች ላይ ሲሞከር ሕመሙን አፋጠነው። በኦርቶዶክስ ቤት ያለ ሕመምተኛ ስለ ዓመቱ አጽዋማት ከንስሐ አባቱ ጋር፣ በሙስሊም ቤት ያለውም ስለ ረመዳን ከሃይማኖት አባቱ ጋር ገና ክብደት ሳይወርድ ቢነጋገር መልካም ነው፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ከፍስክ ምግብ መከልከሉን መቀጠል የሚፈልግ ሰው ደግሞ የምግቡን ሰዓት ሳያራዝም በኑግ ወይም በሰሊጥ ዘይት፣ በለውዝ ቅቤና በተልባ የቅቤውን ቦታ መሙላት ይችላል።

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውንና ዕድሜን በአማካይ ከሁለት እስከ ሦስት ወር የሚያራዝመውን ራይሉዞልን አይተካም። ሶድ1 ጉድለት የተገኘባቸው ጥቂት ሰዎች ደግሞ በ2023 በአሜሪካ የጸደቀውን ቶፈርሰን የተባለ መድኃኒት ሊያገኙ ስለሚችሉ፣ የኢንሱሊንን መንገድ ከመከታተል በፊት የዘረ-መል ምርመራ ማስደረግ ይቀድማል።

ክብደቱን በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ልብስ መዝኖ መጻፍ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ከሕመሙ በፊት ከነበረው ክብደት 5 በመቶው ከወረደ ስለ መመገቢያ ቱቦ መነጋገር ይጀመር፤ 10 በመቶ እስኪደርስ አይጠበቅ። ቱቦው የሚገባበት ቀዶ ሕክምና ለደከመ መተንፈሻ አደገኛ ስለሆነ የሳንባው አቅም ከሚጠበቀው ግማሽ በታች ሳይወርድ ቢከናወን ይመረጣል፤ ሰውየው ገና በአፉ እየበላ ሳለ ማስገባት ይቻላል፣ ቱቦው ከገባ በኋላም የሚወደውን ምግብ መቅመስ አይከለከልም።